ወንድሜ «እጥበቱ በቃኝ» ይላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የዓምዳችሁ አንባቢ ነኝ። የሰው ችግር ሳነብ ኖሬ ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤት ውስጥ እኔና ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነን። እኔ 27 ዓመቴ ነው፤ እሱ 35። አባታችን ካረፈ በኋላ እኔን ያስተማረኝ፣ እናታችንን የጦረው እሱ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ነበር። ደም ግፊት እንዳለበት እንኳ ሳናውቅ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል ስንደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ተባለ። እጥበት ከጀመረ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሐኪሙ ያዘዘለት በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። አቅማችን የቻለው ግን ሁለት ቀን ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ።

መጀመሪያ ላይ ብርቱ ነበር። ማሽኑ ላይ ተኝቶ አጠገቡ ያሉትን ሕመምተኞች ያስቅ ነበር። ክንዱ ላይ ፊስቱላ (የማሽኑ መርፌ የሚገባበት፣ ሲዳሰስ የሚነዝር ደም ሥር) ከተሠራለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሌላው እጁ እየዳሰሰ «ሞተሩ ተነሥቷል» ይለኝ ነበር። አሁን መዳሰሱን ትቷል። ከእጥበት ስንመለስ ደረጃውን የሚወጣው በየፎቁ እየተቀመጠ ነው። ቤት ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ድካም ነው ብዬ ነበር። ግን እጥበት በሌለበት ቀንም ያው ነው። ኳስ አያይም። ጓደኞቹ ሲደውሉ አያነሳም። ከተናገረም «እኔ ባልኖር አንቺ ይኼኔ ወልደሽ ነበር» ነው የሚለው። እውነት ነው፣ ሠርጌን ሁለት ጊዜ አራዝሜያለሁ። እጮኛዬ ታጋሽ ነው፤ እስከ መቼ እንደሚታገሥ ግን አላውቅም።

ባለፈው ዓርብ ለባብሼ ስጠብቀው «አልሄድም፤ በቃኝ» አለኝ። ለምኜ፣ አልቅሼ በማግሥቱ ወሰድኩት። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «ማሽኑን ትተህ እንጦጦ ጠበል ግባ» እያለችው ነው። ልቡ ወደዚያ ያዘነበለ ይመስለኛል። ኩላሊቴን ልስጥህ ብለው ተቆጣኝ። እናታችን መንዝ ናት። የነገርናት ጨጓራውን ያመዋል ብለን ነው። እውነቱን እንዳልነግራት በአባታችን አጥንት አስምሎኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሌሊት እኔም «ምናለ ባለቀ» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ከዚያ ራሴን እጠላዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እህት፣ ከየካ አባዶ

መልስ

እህቴ፣ የጻፍሽው ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን እኩል አያጣድፍም። የሚያጣድፈውን ላስቀድም።

ወንድምሽ ዓርብ ዕለት «በቃኝ» ብሎ ቀርቷል። ይህን እንደ ስንፍና አትይዢበት። እንደ መጨረሻ ውሳኔም አትቀበዪው። በደብዳቤ በሽታ መለየት አይቻልም፤ ያ አይቶ የሚመረምረው ሐኪም ሥራ ነው። ነገር ግን የነገርሽኝን ሳነብ ወንድምሽ ከኩላሊቱ ሌላ ሁለተኛ ሕመም የያዘው ይመስለኛል፤ ድብርት። ይኸኛው ደግሞ ይታከማል። ኩላሊቱ ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል፤ የመኖር ፍላጎቱ ግን ሊመለስ ይችላል። ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት ይህን ነው።

ብቻውን እንደሆነ እንዳይመስለው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ እጥበት ላይ ካሉ ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ የድብርት ሕመም አለበት። ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ የሌላውን ሳያውቅ አራት ሰዓት ያልፋል። ምናልባት ወንድምሽ በደህናው ጊዜ ሲያስቃቸው ከነበሩት መካከልም እንደ እሱ የሆነ ይኖራል።

ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚያልፈው መልኩ ከኩላሊት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ እነዚህን ሁለቱም ያመጣሉ። ስለዚህ ቤተሰቡም ሐኪሙም «ኩላሊቱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ግን ልብ ብለሽ ዋናውን ነገር አይተሻል። ከማሽን የወረደ ሰው የዕለቱ ዝለት ቢከብደውም፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይለዋል። የወንድምሽ ግን እጥበት በሌለበትም ቀን ያው ነው። ኳሱን ትቷል። ወዳጆቹን ሸሽቷል። ሸክም ሆንኩ ይላል። ሐኪም ድብርትን ከድካም ለመለየት የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። እስቲ መለስ ብለሽ አስቢው፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ክንዱን መዳሰስ ማቆሙ ነው። ፊስቱላ ያለው ሰው በየቀኑ እንዲዳስሰው የሚነገረው፣ ንዝረቱ ከጠፋ ደም ሥሩ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። ቶሎ ከተደረሰበት የመዳን ዕድል አለው። መዳሰሱን የተወ ሰው ለሚቀጥለው እጥበት ማሰቡን ትቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እስኪበረታ ድረስ ጠዋት ጠዋት አንቺ ዳስሺለት። መዳፍሽን ቀስ አድርገሽ አሳርፊበት፤ እንደ ድሮው «ሞተሩስ?» በዪው። ንዝረቱ ከጠፋብሽ ማክሰኞን ሳትጠብቂ እጥበት ክፍሉ ደውዪ።

አሁን ደግሞ በእሱ ቦታ ሆነን እንየው። መሪ ይዞ ከተማውን ሲያካልል የኖረ ሰው ነው። ዛሬ መርፌ ክንዱ ላይ ተሰክቶ ሳይንቀሳቀስ አራት ሰዓት ይተኛል። ቤት ያስተዳድር የነበረ ሰው የታክሲ ሳንቲም ከእህቱ እጅ ይቀበላል። የሚጠጣው ውኃ ተለክቶለታል። ሙዝ ተው፣ አቮካዶ ተው፣ ጨው ቀንስ ይባላል። ቡና ሲፈላ እስከ በረካው አብሮ መጠጣት አይችልም፤ አንዷ ስኒም ከቀኑ ውኃ ላይ ትቀነሳለች። ይህን ሁሉ ያጣ ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም። ሐዘን ግን በመሐል ፋታ ይሰጣል። እንግዳ ሲመጣ ትንሽ ይረሳል፣ ጨዋታ ሲሰማ ፈገግ ይላል። ድብርት ያንን ፋታ ይነሳል።

ሁሉም ነገር ከሐሳብ ብቻ የመጣ ነው ማለቴም አይደለም። ጤነኛ ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዝዝ ሆርሞን ታመነጫለች። እሷ ስትታመም ያ ይቀንስና ደም ማነስ ይመጣል። ደሙ ያነሰ ሰው አራት ፎቅ ቀርቶ አንዱም ተራራ ይሆንበታል፤ መንፈሱም አብሮ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ የታዘዘለት ሁለት ሲታጠብ ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻና ውኃ ይበዛል። ማታ ያሳክከዋል? እግሩ አላስተኛ ይለዋል? እነዚህ በኩላሊት ሕመምተኞች ላይ የሚታዩ፣ ሐኪም ሊያቀልላቸው የሚችል ነገሮች ናቸው። እንቅልፍ ያጣው በማሳከክ ከሆነ በምክር ብቻ አይተኛም። ስለዚህ ለሐኪሙ «ደሙ መጨረሻ የታየው መቼ ነው? ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ማክሰኞ ስትሄዱ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሲስተሯን ጠጋ ብለሽ አናግሪያት። «ሲስተር፣ ወንድሜ ዓርብ የቀረው ታክሲ አጥቶ አይደለም። በቃኝ እያለ ነው። ሰው ማናገር ትቷል። ለዶክተሩ ንገሪልኝ» በያት። ይህን ያህል ይበቃል። እጥበት ክፍል ሥራ የሚበዛበት ቦታ ነው። ክብደቱ ይመዘናል፣ ግፊቱ ይለካል፣ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ» ይላል፤ በዚያው ያልፋል። ካልነገርሻቸው አያውቁም። በድብቅ ግን እንዳታደርጊው። ሰኞ ማታ «ለሲስተር ልነግራት ነው፤ ፈርቼልሃለሁ» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው። ይቆጣ ይሆናል። ተቆጥቶም ቢሆን ያላታለልሽው መሆኑን ያውቃል።

የሚታጠብበት ቦታ የአእምሮ ሐኪም ከሌለ ሪፈር ያጽፉላችሁ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ስሙ ሲጠራ «እብድ ነኝ ወይ?» ሊልሽ ይችላል፤ እዚያ ግን በእግሩ መጥቶ፣ ታይቶ፣ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ሥራው የሚመለስ ብዙ ሰው አለ። ለእናንተ ሰፈር ደግሞ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባል፤ እዚያም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የትም ሂዱ የት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ እጥበት ላይ መሆኑን ይወቅ። አንዳንድ መድኃኒት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ መጠኑ መቀነስ ወይም በሌላ መተካት አለበት። በዚህ ምክንያት ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ እንዳትሰጪው። ሰው የሚጠቁመውን ሥራ ሥርም ለሐኪሙ ሳታሳዪ አትስጪው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚከብድ ብዙ ነው።

ሕክምናው ይሠራል ወይ ብትዪኝ፣ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ድብርት ያለባቸውን የእጥበት ታካሚዎች ለሁለት ከፍሎ ነበር። ለግማሾቹ ማሽኑ ላይ እንዳሉ ባለሙያ አጠገባቸው ተቀምጦ የንግግር ሕክምና ሰጣቸው። ለግማሾቹ ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት ተሰጠ። በሦስት ወር ውስጥ የሁለቱም ወገን ድብርት ቀለለ። መድኃኒቱ በጥቂቱ በለጠ፤ የጎንዮሽ ችግሩም በመድኃኒቱ በኩል በዛ ብሎ ታየ። እኔን የማረከኝ የንግግሩ ሕክምና የተሰጠበት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ ከማየት ከሚሰማ ሰው ጋር ማውራት። እዚህ አገር በየእጥበት ክፍሉ ባለሙያ እስኪቀመጥ ብዙ ይቀረን ይሆናል። አማካሪ ወይም ሶሻል ወርከር ያለበት ሆስፒታል ግን አለና ጠይቂ። መድኃኒት ከታዘዘለት ደግሞ ለውጡ በሳምንቱ እንዲታይ አትጠብቂ። ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቆመው ሊሠራ ሲል ነው።

ቤት ውስጥስ ምን ትዪዋለሽ? «አይዞህ»፣ «ስንት ካንተ የባሰ አለ» የሚሉት በደግነት ነው የሚባሉት። የሰሚውን አፍ ግን ይዘጋሉ። ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ቆመሽ አትጠብቂው። ቦርሳሽን አስቀምጠሽ አጠገቡ ተቀመጪ። ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ የማይወጣው ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይወጣል። ቀስ ብለሽ «ከሁሉም የሚከብድህ የቱ ነው? መርፌው ነው? ጥሙ ነው? ገንዘቡ ነው? የእኔ ነገር ነው?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው። «እኔ ባልኖር» ሲልሽ «እንዲህ አይባልም!» ብለሽ አታቋርጪው። እውነቱን ንገሪው። «ይደክመኛል፤ አልዋሽህም። ግን ካንተ ጋር መድከምን ካንተ ውጭ ከመኖር እመርጣለሁ» ማለት ትችያለሽ። በራስሽ ቃል፤ ካልተሰማሽ ግን አትበዪው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሳታድበሰብሺ በቀጥታ ጠይቂው። «በቃኝ ስትል መሞት ፈልገህ ነው? ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ ያስገባል ብሎ ይፈራል። አያስገባም። እንዲያውም ብቻውን ተሸክሞት ከነበረ ይተነፍሳል። «አዎ» ካለሽ፣ ወይም መልሱ ካላማረሽ፣ ብቻውን አትተዪው። ኪኒኖቹን አንቺ ያዢ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። አምቡላንስ ካስፈለገሽ የቀይ መስቀል 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

እጥበት የቀረ ቀንም እንዲሁ ነቅተሽ ጠብቂ። በሳምንት ሁለቴ ብቻ ለሚታጠብ ሰው አንዷን መዝለል ቀላል አይደለም። ውኃው ሳንባው ላይ ይጠራቀማል። ፖታሺየም የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ሲበዛ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው፣ እጅና እግሩ ከዛለ፣ ልቡ አለቅጥ ከመታ ለልመናም ለለቅሶም ጊዜ የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

«ካልፈለገ በግድ ልወስደው ነው ወይ?» ትዪ ይሆናል። ሰው ስለ ሕክምናው የመወሰን መብት አለው። እጥበት ይቁምልኝ የሚሉ ታካሚዎች አሉ፤ ከሐኪማቸውና ከቤተሰባቸው ጋር ተነጋግረው የሚደርሱበት ከባድ ውሳኔ ነው። የወንድምሽ ግን ገና እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ድብርት የያዘው ሰው ነገን ሲያይ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይታከም። አንቺም እንደዚሁ በዪው፤ «ዝም አላሰኝህም፤ መጀመሪያ ግን ይህን እናሳክም፤ ከዚያ ደግመን እናወራለን።»

ስልካቸውን የማያነሳላቸው ጓደኞቹ ሾፌሮች ናቸው አይደል? ከመካከላቸው የሚቀርበውን አንዱን ደውለሽ ዓርብ ዓርብ እንዲያደርሰው ለምኚው። «ና ጠይቀው» አትበዪው። ጠያቂ ሲመጣ በሽተኛ ሆኖ መቀመጥ አለበት። መኪና ውስጥ ግን ስለ ተራው፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ነዳጁ ነው የሚወራው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌላውን አነዳድ ሲተች ብትሰሚው ደስ ይልሻል። አንቺም ዓርብ አርፈሽ ትውያለሽ። ደረጃውም ቢሆን መላ አያጣም። የራሳችሁን አከራይታችሁ ምድር ላይ ብትከራዩ ምን ይላል? ብሎኩ ውስጥ ቤት መቀያየር የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ጠይቁ።

ሦስተኛዋን የእጥበት ቀን ለማግኘትም ሞክሩ። የመንግሥት ሆስፒታሎች ዋጋ ከግሉ ስለሚቀንስ ወረፋ ያዙ። የኩላሊት ሕሙማንን የሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅትም አዲስ አበባ ውስጥ አለና ሲስተሯን አድራሻውን ጠይቂያት። ሰው ፊት መቆም ያሳፍር ይሆናል። እሱ በማያየው በኩል አንቺ ጀምሪው።

የጠበሉን ነገር በጥንቃቄ ያዢው። ጎረቤትሽን አትጥዪያት፤ ያላትን ነው ያካፈለችው። እሱንም በእምነቱ አትጋፊው፤ አሁን የቀረው ተስፋ እሱ ሊሆን ይችላል። አደጋው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ማሽኑን መተው። ሁለተኛው ጠበሉን በብዛት መጠጣት፤ ሰውነቱ ውኃ ማስወጣት ስለማይችል ጠበሉም ውኃነቱ አይቀርም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የመጣ ሰሞን ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሩና በእሱ ፊት ጠይቋቸው። መጠመቅ ይችላል፤ መርፌ የተወጋበት ዕለት ብቻ ክንዱን ከውኃ ይጠብቅ። ለበረከት የሚቀምሳት ደግሞ ከቀኑ ውኃው ላይ ትታሰብ። ዓርብ ታጥቦ እሑድ ጠበል ቢሄድ የሚጋጭ ነገር የለም። ጾሙንም አብራችሁ አንሡላቸው። ምስርና ባቄላ ፖታሺየም ስላለባቸው ምን ያህል እንደሚበላ ሐኪሙ ይንገረው፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ ደግሞ አባ ይንገሩት።

ወደ እናታችሁ ልምጣ። በአባትሽ አጥንት ምለሻል፤ ቀላል ነገር አይደለም፤ አፍርሺው አልልሽም። ግን ሄደሽ ለእሱ እንዲህ በዪው፤ «የማልኩት ጨጓራ ነው ብዬ ልደብቅ ነው። ልሞት ነው እያልክ ልደብቅ ግን አልማልኩም። ወይ አንተ ንገራት፤ ወይ ከመሐላው ፍታኝ።» እናት ልጇን መጦሪያ ብቻ አድርጋ አታየውም። እሱ የሚደብቃት እንዳታዝን ይመስለዋል፤ ምናልባት ግን አቅመ ቢስ ሆኖ እንዳታየው ፈርቶ ይሆናል። ይህን ጠይቂው። እምቢ ካለ የምታከብሩት አጎት ወይም የቤተ ዘመድ ሽማግሌ መሐል ይግባ። እናታችሁ መጥታ አንድ ወር ብትቀመጥ፣ በአጥሚቷና በጸሎቷ ቤቱ ሌላ ይሆናል። አጥሚቱም በልክ ይሁን፤ እሱም ውኃ ነው።

ኩላሊት ልስጥህ ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። የተቆጣውም ስለሚወድሽ ነው። ለአሁኑ ግን አቆዪው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕያው ዘመድ በተሰጠ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲሠራ ቆይቷል። ለጋሽም ተቀባይም በደንብ ይመረመራሉ፤ የለጋሹ ጤና ከተጠራጠሩት አይወስዱም። ይህን እሱም ቢሰማው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሰው ግን መኖር በቃኝ እያለ የእህቱን ኩላሊት ተቀበል ሲባል የሚሰማው ሌላ ዕዳ ነው። ድብርቱ ቀለል ሲል ራሱ ሊያነሳው ይችላል። አንቺም እስከዚያ ደጋግመሽ አስቢበት፤ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ማንም አይከስሽም።

አሁን ስላንቺ። «ምናለ ባለቀ» ብለሽ ራስሽን መጥላትሽ አሳዘነኝ። እንዲያልቅ የተመኘሽው ድካሙ ነው። የሚያስታምም ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ሌሊት ይህ ሐሳብ ይመጣበታል፤ ስለሚያፍር ግን አይናገረውም። አንቺ ተናግረሻል። አንቺስ ትተኛለሽ? ትበያለሽ? መጨረሻ የሳቅሽው መቼ ነው? መልስሽ ካላማረሽ ወንድምሽን ስትወስጂ አንቺም ተመዝገቢ። ሁለት ካርድ ማውጣት ነውር የለውም።

ሠርጉን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ባይጥምሽም። ባራዘምሽው ቁጥር ወንድምሽ «ሸክም ነኝ» ለሚለው ማስረጃ ያገኛል። ለእሱ ብለሽ ያደረግሽው እሱኑ እየጎዳው ሊሆን ይችላል። አባታችሁ በሌለበት አንቺን መርቆ የሚድርሽ እሱ ነው። ሕክምናውን ጀምሮ ጥቂት ሲበረታ፣ ከእጮኛሽ ጋር ሆናችሁ ቀን እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። ድግሱ ትንሽ ይሁን። ከጋብቻ በኋላ ወንድምሽ ከእናንተ ጋር ይኖራል ወይስ አጠገባችሁ ይከራያል የሚለውን ከእጮኛሽ ጋር አሁኑኑ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ታጋሽ ነው ብለሽ በግምት አትለፊው። ቀኑን ስትቆርጡ እሑድ አድርጉት፤ ዓርብ ታጥቦ ቅዳሜን ያርፍበታል።